ጭነት ያላየ ልብ

ሆዳሙ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ ያ በየማለዳው የምትሮጠው ሩጫ አላመመህም? ብርዱስ እንዴት አድርጎሃል? ጃኬትህን እየደረብክ ነው ወይስ እንደ ልማድህ «እኔ አይበርደኝም» እያልክ ደረትህን ከፍተህ ነው የምትወጣው? እዚያ ዓሣ ማሸጊያ ቤት በረዶ ላይ ቆመህ ስትውል እግርህ እንዳይደነዝዝ ሁለት ካልሲ አድርግ ብዬህ ነበር፤ አደረግክ? አብሮህ የሚኖረው ጓደኛህስ ማንኮራፋቱን ተወልህ? አንተን ስጠይቅ ወረቀቱ ሊያልቅብኝ ነው። እኛ፣ እማማም፣ እኔም፣ ልጄ ድምቡሼም፣ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽህም። አንዴ ዋሽቼሃለሁ፣ እሱ ይበቃኛል።

አዎ፣ ዋሽቼሃለሁ። ባለፈው ሳምንት ስትደውል ቀዶ ጥገናው የተላለፈው የሆስፒታሉ መሣሪያ ስለተበላሸ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። መሣሪያው ምንም አልሆነም። ቀዶ ጥገናውም አልተላለፈም፤ ቀርቷል። ከአንተ ጉበት ቆርጠው ለአባባ የሚሰጡት ነገር ቀርቷል፣ ከእንግዲህም አይደረግም። ይኸው ጻፍኩት። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ስለከለከለኝ ነው። «ስልክ ላይ ይሟገትሻል፣ ከዚያ ይዘጋብሻል፤ ወረቀት ከሆነ ግን እየተሳደበም ቢሆን እስከ መጨረሻው ያነበዋል» አለኝ። መቼም ያውቅሃል። ደብዳቤውን የምታመጣልህ ነርስ እህቷን ልትጠይቅ አንተ ወዳለህበት የምትመጣ ናት፤ ከነገ ወዲያ እጅህ ይገባል። አደራህን፣ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ፤ አንተ በስልክ ቁርጥራጩን ብቻ ነው የሰማኸው። አባባ በጎረምሳነቱ የወፍ በሽታ ይዞት ዳነ ሲባል የነበረው፣ ለካ አልዳነም። ቫይረሱ ውስጡ ተኝቶ አርባ ዓመት ሙሉ ጉበቱን ሲበላው ኖሮ ጠባሳ ብቻ አድርጎ አስቀረው። ሰፈርተኛው ደግሞ ጉበት ሲባል የሚታየው መጠጥ ነው። ሰዓት ጠጋኙ ጎረቤታችን እንኳ አባባን «አባ ፓምፕ ድሮ ተደብቀው ይቀምሱ ነበር ማለት ነው» ብለው ሲያሙት ሰምቼ ቆሽቴ አረረ። ዕድሜውን ሙሉ ከውሃና ከሻይ ሌላ ያልቀመሰ ሰው! አባባ ግን ሲሰማ ሳቀ። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ሆስፒታል በመርፌ ስድስት ሊትር ሲቀዱለት ያለው ምን መሰለህ? «ዕድሜ ልኬን ውሃን ከጉድጓድ እየጎተትኩ ሳወጣት ኖርኩ፣ አሁን እሷ በተራዋ እኔ ሆድ ገብታ አልወጣም አለች።» ነርሶቹ ሳቁ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ ሦስት ወር ሆነው፣ ለጉበቱ ቀዶ ጥገና ብለው መጀመሪያ ልቡን የለኩት። በጎኑ አስተኝተው፣ ደረቱ ላይ ያንን የሚያሙለጨልጭ ነገር ቀብተው፣ በስክሪን አዩት። የለካው ሰውዬ ልባቸው ከጎረምሳ ልብ ይበልጣል፣ ደም ሲገፋ ግሩም ነው አለን። እማማ ኮሪደሩ ላይ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ዘበኛው መጥቶ እባክዎ እናቴ ሕመምተኛ አለ እስኪላት ድረስ። እኔ ወዲያው ደወልኩልህና አባባ ልቡ ብረት ነው ተባለ፣ ተዘጋጅ አልኩህ። አንተም እንደዚያ ስትጮህ የሥራ ጓደኞችህ የሞተብህ ሰው አለ ብለው ተሰብስበው ነበር ብለኸኛል። ያን ቀን የደስታ ቀን ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እውነት ነው።

አሁን የምነግርህ ነገር ግን ቀን ከሌት የሚከነክነኝ ነው። ወርክሾፓችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ትዝ ይልሃል? «ጭነት ያላየ ፓምፕ ከዚህ ቤት አይወጣም።» የጻፍከው አንተ ነህ፤ ቦታው ጠቦህ «አይወጣም» የሚለው ታች የወረደው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። አባባ እንዴት እንደሚፈትን ታውቃለህ። አፉ ክፍት የሆነ ቧንቧ ላይ ካስነሱት ያለቀለት ፓምፕ እንኳ እየዘፈነ ይዞራል። የሚገፋው ነገር ስለሌለ ነው። አባባ ግን ገንዳው አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቫልቩን ቀስ እያለ ይዘጋል፣ ፓምፑን ያስምጠዋል፤ ያኔ ነው ደህናውና መናጢው የሚለየው። ስንቱን ሰው «እየሠራ እኮ ነው!» እያለ ሲለምነው ከነፓምፑ ከበር መልሶታል! እኔም አሥራ አምስት ዓመት እዚያች ቤት የሞተር ሽቦ ስጠቀልል በገዛ እጄ የጠቀለልኩትን እንኳ ሳልጭነው ሰጥቼ አላውቅም። የአባቴን ልብ ግን ተኝቶ ለክተው ጥሩ ነው ሲሉኝ አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ከሰው ሁሉ እኔ! ሌላ ሰው ቢሳሳት ባላዘንኩ ነበር።

አባባ ያን ቀን እንደ እኛ አልተደሰተም። ታክሲ ውስጥ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ ሄደ። ልብ አላልኩትም፤ ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። የቤታችንን ደረጃ ታውቀዋለህ፣ ሃያ ሁለት ነው፤ ድሮ ሞተር ትከሻው ላይ አድርጎ እያፏጨ የሚወጣው። አሁን ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ቁጭ ይልና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስር ይመስላል። ወንድሜ፣ አባባ ማሰሪያ ያለው ጫማ ካደረገ ዓመት ሆኖታል። እግሩ ስለሚያብጥ ማሰሪያ የሌለው ነው የሚያደርገው። እኔ ይህን እያየሁ፣ እያወቅኩ፣ «ና እንጂ አባባ፣ ምሳ ቀዘቀዘ» እያልኩ አልፌዋለሁ። ሐኪሞቹ ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል ወይ ሲሉት ኧረ በፍጹም ሲላቸውም አጠገቡ ቆሜ ነበር። እንዲድን ፈልጌ ነው። ዕድሉ እንዳያልፈን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።

ከዚያ የአንተ ፎቶ መጣ። ጉበትህ ላይ ስብ አለ፣ ቀንስ ተብለህ ስትሮጥ አሥራ አንድ ኪሎ የቀነስክበት። ያ ሆዳሙ ወንድሜ፣ ድስት ሳይታጠብ ጠርገህ የምትበላው፣ እኔ የደበቅኩትን ምሳ አሽትተህ የምታገኘው ሰውዬ፣ የአንገትህ አጥንት ወጥቶ፣ ሱሪህ በቀበቶ ተሰብስቦ! እማማ ልጄን ምን አደረጉት ብላ አለቀሰች። አባባ ፎቶውን ወስዶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ብርሃን ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። «ይኼ ሆዳሙ ነው?» አለኝ። አዎ፣ ለአንተ ብሎ ነው የሚሮጠው አልኩት፣ ደስ እንዲለው ብዬ። ፎቶውን የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ የሚጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፦ «ዛሬም እየሮጠ ነው?»

እንግዲህ የመጨረሻው ቀጠሮ ደረሰ። የቀዶ ጥገናው ሐኪም፣ ያ ሽበታሙ፣ ወረቀቱን ዘርግተው አባባ እንዲፈርም እስክሪብቶ ሰጡት። የልብ ሐኪሟም ነበረች፤ ትንሽ ልጅ ትመስላለች፣ ስትሄድ ጫማዋ ይንቋቋል። አባባ እስክሪብቶውን ተቀበለና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዶክተር፣ ልቤን ስትለኩት ተኝቼ ነበር፣ ጭነት አይቷል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሽበታሙ ሐኪም ፈገግ አሉና አይ አባቴ፣ እርሱን ለእኛ ይተዉልን አሉት። ልጅቱ ግን ፈገግ አላለችም። ደረጃ ስንት ይወጣሉ ብላ ጠየቀችው። እኔ አፌን ልከፍት ስል አባባ ቀደመኝ፤ «ስምንት» አላት። «ስምንተኛው ላይ እቀመጣለሁ። ሃያ ሁለቱን ለመጨረስ ሦስቴ እቀመጣለሁ።» ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

በአምስተኛው ቀን እንደገና ለኩት። የልብ ምት የምታዘገየውን ኪኒን ቀድመው አስቁመውት፣ ተኝቶ ሳለ ልብን የሚያስሮጥ መድኃኒት በክንዱ ሰጡት። እኔ በመስታወት በኩል አያለሁ። ልጅቱ ስክሪኑን ታያለች፣ አባባ ደግሞ እሷን ያያል። ፓምፕ ሲፈትን የግፊት መለኪያውን ጌጅ የሚያይበትን ዓይኑን ታውቀዋለህ፤ እንደዚያ ነው ፊቷን ያያት። ሲጨርሱ ወረቀት ገልብጣ እየሣለች አስረዳችን። ጉበት እንዲህ ሲሆን የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ልብ የሚገፋው ክብደት ያጣል፣ ስለዚህ ተኝቶ ሲለካ ጎበዝ ይመስላል አለች። ውስጡ ግን ለዓመታት ሲደክም፣ ሲደነድን ነው የኖረው፤ በርታ ሲሉት የሚጨምረው ነገር የለውም። አዲስ ጉበት ሲገባ ደግሞ ደሙ በአንድ ጊዜ ተመልሶ ይመጣበታል፣ ግፊቱም ይጨምራል፤ የእርሳቸው ልብ ያን አይችለውም፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሊቆም ይችላል አለች። አባባ ራሱን እየነቀነቀ ሰማትና አፉ ክፍት ቧንቧ ላይ ሲዞር ነበር በይኛ አላት። ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲያስረዳት ዓይኗ እንባ ሞላ።

አሁን ወንበርህን ገፍተህ ተነስተሃል፣ አውቅሃለሁ። ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ሐኪም እያልክ ነው። ወንድሜ፣ ወረቀቱን ይዤ ሁለት ቦታ ሄጃለሁ። ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጡኝ፤ አንዱ ጭራሽ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ማነው፣ ነፍስ አተረፈ አለኝ። የማንን ነፍስ ብዬ አልጠየቅኩትም።

በአባባ ላይ የተናደድኩትን ያህል በሰው ተናድጄ አላውቅም። ሁለት ቀን አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን ወርክሾፕ ውስጥ ፈነዳሁ። የከፈቱልህን በር በገዛ እጅህ ዘጋኸው፣ ማን ጠይቅ አለህ፣ ዝም ብትል እኮ ምናልባት ይሳካልህ ነበር አልኩት። ሽቦውን ከነመጠቅለያው ወረወርኩት። አልተቆጣኝም። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ፎቶህን ከኪሱ አወጣ። «እኔ እንኳን ዕድሌን እሞክር ነበር» አለኝ፤ «የራሴ ቢሆን ኖሮ እሞክር ነበር። ግን እሱንም እዚያ ማዶ አስተኝተው ነው የሚቀድዱት። ልጄን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ግማሹን ከእኔ ጋር ልትቀብሩት ነው?» አለኝ። ከእግሩ ሥር የብረት ብናኝ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱም ራሴን እየደባበሰ «በይ ሽቦሽን አንሺ፣ ይዝጋል» ይለኛል። መዳብ አይዝግም እኮ፤ አፉ ላይ የመጣለትን ነው ያለው።

ሐኪሟን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ ያዝኳትና ስንት ጊዜ አለው አልኳት። መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሐኪም ይህን የሚያውቅ የለም አለች። አጥብቄ ስይዛት ግን ነገረችኝ። ጉበታቸው እዚህ ደረጃ ደርሶ ልባቸው ከበረታ ሰዎች ይልቅ፣ ልባቸውም የደከመው ቶሎ ነው የሚያልፉት አለች። ትንሽ ኢንፌክሽን፣ ትንሽ መድማት፣ ሌላው የሚሻገረው ነገር እነሱን ይጥላቸዋል። ዓመት አትጠብቁ፣ ወራት ነው፣ ምናልባትም ጥቂት ወራት አለችኝ። እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ፣ እግዜር ይስጣት። ለእማማ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ግን በዚያ ሰሞን የአባባን ሸሚዞች በሙሉ አውጥታ አጠበች፣ ንጹሖቹን ሳይቀር።

አሁን እንዴት እንዳለ ታውቅ ዘንድ፦ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ክንዱ ሰልሏል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። ጨው ስለተከለከለ ምግቡን እያኘከ እማማን «ዛሬም ተጣልተናል እንዴ?» ይላታል። አንዳንድ ቀን ይደነዝዛል፤ ባለፈው መፍቻውን ፍሪጅ ውስጥ አገኘነው፣ አንድ ቀን ደግሞ እኔን እናቴ ብሎ ጠራኝ። ጥሩ በሆነለት ቀን ግን ደግፌ ወርክሾፕ አወርደዋለሁ። ከገንዳው አጠገብ ይቀመጣል፤ እኔ ቫልቩን እዘጋለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ይኼ ኩሽኔታው ሄዷል» ይላል፤ ስፈታው እውነትም የኩሽኔታው ኳሶች ተበልተዋል። አንድም ቀን አልተሳሳተም። ድምቡሼ ደግሞ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ትለጥፍና «አያያ፣ ያንተስ ኩሽኔታ?» ትለዋለች። የኔማ ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል ይላታል። ሁለቱ ይስቃሉ፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ስለ አንድ ነገር ነው። ለቀዶ ጥገናው ብለህ ከሥራህ የጠየቅከው የሁለት ወር ፈቃድ አለ። አለቃህ እሺ ብሎሃል። ያን ፈቃድ እንዳትመልሰው። እሱ ጎን አልጋ ላይ ልትተኛበት ያሰብከውን ጊዜ፣ እሱ ጎን ተቀመጥበት። ደግሞ ፈቃዱ የሚጀምረው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱን አትጠብቅ፣ ለአለቃህ ንገረውና አሁን ና። ምን ላደርግለት እመጣለሁ፣ ባዶ እጄን እንዳትለኝ። አንተ ከመጣህ እኔ አንድ ቀን ሳልፈራ እተኛለሁ፣ እማማ አንድ ቀን ትስቃለች፣ እሱ ደግሞ ያን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ያስቀምጠዋል። እሱ ራሱ ና አይልህም፤ የልጄን ጊዜ አባከንኩ ብሎ ያፍራል። እኔ ግን አላፍርም። ና።

ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ጽፌ ሳበቃ አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት፤ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ያለችኝን ግን ዘለልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆየና «ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ንባብሽ አጠረ» አለኝ። ወረቀቱን አጣጠፍኩ። «ተይው፣ ያለፍሽውን እኔ አውቀዋለሁ» አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። ከታች ያለው የእሱ ጽሕፈት ነው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ ወስዶበታል፤ እኔም አላገዝኩትም፣ አታግዢኝ ስላለኝ።

እማማ ጉንጭህን ሁለቴ ሳምኩት በይልኝ ብላሃለች፤ ምግብ ምን ላዘጋጅለት እያለች ከወዲሁ ታስጨንቀኛለች። ባለቤቴ፣ አውቶቡስ መንዳቱ ይዞኝ ነው የማልጽፍለት ይላል፤ እውነቱ ግን ጽሕፈቱ ስለሚያሳፍረው ነው፣ ሰላም ብሎሃል። ሰዓት ጠጋኙ ጎረቤታችንም፣ ያ ሐሜታቸው ሳይረሳ፣ ሰላም ብለውሃል፤ አሁን በየቀኑ እየመጡ ከአባባ ጋር ይቀመጣሉ። ድምቡሼ አጎቴ ሲመጣ የሚሮጥ ከሆነ እኔም አብሬው እሮጣለሁ ትላለች። እኔ፣ ሽቦ እያልክ የምትጠራኝ እህትህ፣ ናፍቆትህ ገድሎኛል። ስለዋሸሁህ ይቅር በለኝ።

ከወርክሾፑ፣ ከገንዳው አጠገብ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ልጄ፣
ሩጫውን ተው። ብላ። ሙሉ ሆነህ ና።
አባትህ